የሟች እንጨት

ሃንስ ሉትስልቡርገር የሞትን ጭፈራ በእንጨት ላይ እየፈለፈለ ሳለ ሞት ወሰደው። ዓመቱ 1526 ነበር፤ ከተማዋ የስዊስ ባዝል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕሎቹን የነደፈው ስመ ጥሩው ሃንስ ሆልባይን ነው። ንድፉን በስለት ጫፍ እየተከተለ፣ ቁመቱ ስድስት ተኩል ወርዱ አምስት ሴንቲ ሜትር በሆነ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ያወጣው ግን ሉትስልቡርገር ነበር። ሲሞት ሥራው አላለቀም። እንጨቶቹ በዕዳ ተይዘው ሊዮን ከተማ ላሉ አታሚዎች ተላለፉ፤ መጽሐፉ 41 ሥዕሎች ይዞ በ1538 ወጣ። ጳጳሱ፣ ንጉሡ፣ ዳኛው፣ ንግሥቲቱ፣ ሕጻኑ፣ ሁሉም በየተራቸው በአጽም ይወሰዳሉ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሲያርስ ይታያል፤ ከፈረሶቹ ጎን እየሮጠ በጅራፍ የሚነዳቸው ሞት ነው፤ ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን በላይ ፀሐይ ጨረሯን ዘርግታለች።

እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ተሸካሚውን ነጋዴ ነው። ትልቅ ቅርጫት በጀርባው አዝሎ መንገድ ላይ ነው። አጽሙ ከኋላ እጅጌውን ጨምድዶ ይዞታል። ነጋዴው ዞር ብሎ በጣቱ ወደ ፊት ያመለክታል፦ ገበያው እዚያ ነው፣ ገና አልደረስኩም ማለቱ ነው። ሌላ አጽም ከበስተጀርባ ቆሞ ረጅም የክር መሣሪያ ይመታል። ይህን ሥዕል የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ሰውየውን ያውቀዋል። አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ሆቴል የተከራየ፣ ውኃ በቦቴ የሚያመላልስ የአገራችን ልጅ ስንት ጊዜ ጣቱን ወደ ፊት እንዳመለከተ ተወሰደ። ከዚያ የሚከተለውን እናውቀዋለን። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ወረቀት ይጨረሳል፣ አስከሬኑ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አገር ቤት ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ መርዶ ነጋሪዎች በር ያንኳኳሉ።

በዚያ ዘመን አውሮፓ ስለ ሞት የፈለፈለችው እንጨት ብዙ ነው። ከ1347 እስከ 1351 የተዛመተው ጥቁሩ ሞት የአህጉሩን ሕዝብ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ጨርሶ ነበር፤ በሽታው ከዚያ በኋላም በየትውልዱ እየተመለሰ ይመጣ ነበር። ባለጸጋው በራስ ቅል አምሳል የተቀረጸ የመቁጠሪያ ፍሬ ጣቱ ላይ እያንከባለለ ይጸልይ ነበር። ኦስትሪያ ውስጥ አምብራስ በተባለው ግንብ በ1520 አካባቢ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ቆዳው ተልጦ የተንጠለጠለ፣ ቀስትና ኮሮጆ የያዘ ትንሽ ሞት አለ። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ቪየና በሚገኘው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም የተቀመጠው፣ በ1500 ገደማ የተሠራው ሥራ ነው። ከግማሽ ሜትር ባነሰ ቀለም የተቀባ እንጨት ላይ ሦስት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ራቁታቸውን ቆመዋል፤ አንዱ ወጣት ወንድ፣ አንዷ ወጣት ሴት፣ አንዷ አሮጊት። ወጣቷን እያየህ ምስሉን ትንሽ ስታዞረው ትከሻዋ ካለቀበት የአሮጊቷ ትከሻ ይጀምራል። ቆዳዋ ተጨማዷል፣ ጡቷ ተልፈስፍሷል፣ ጥርሷ ረግፏል። ጠራቢው በወጣትነትና በእርጅና መካከል ምንም ቦታ አልተወም። ጊዜ የሚባለውን ነገር በእንጨት ማሳየት ቢቻል ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ አንድ ንግግር አላቸው፤ ፈረንጆቹ በላቲን ሜሜንቶ ሞሪ ይሉታል፤ አንተም ሟች እንደሆንክ አትርሳ ነው። ንግግሩ ለሕያው ነው፤ ለአንተ፣ ለተመልካቹ። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ገዳሞቻችን ሞትን እያሰበ የሚያድር መነኩሴ አጥተው አያውቁም፤ በየቀብሩም የምንሰማው ይህንኑ ነው። ኃይሉንም አልክደውም። ንጉሥና ተሸካሚ በአንድ አጽም ፊት እኩል መሆናቸውን እንዲህ በድፍረት ያሳየ ጥበብ ትልቅ ጥበብ ነው።

ይኸው ስብከት ጁባ ሲደርስ ግን የሚናገረው ያጣል። እዚህ ሞትን የረሳ ሰው የለም። የለንደኑ የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ግምት፣ ከዲሴምበር 2013 እስከ ኤፕሪል 2018 ድረስ ጦርነቱ ባይነሳ ኖሮ በሕይወት ይኖሩ የነበሩ 382,900 ሰዎች በደቡብ ሱዳን ሞተዋል፤ ግማሽ ያህሉ በግድያ፣ የቀሩት በበሽታ፣ በረኀብና በስደት። ይህ ቁጥር የተገኘው በስሌት ነው። መቃብር ተቆጥሮ አይደለም፤ ብዙው መቃብር የት እንዳለ አይታወቅምና። ከ1955 እስከ 1972፣ ከዚያም ከ1983 እስከ 2005 በተካሄዱት ጦርነቶች ያለቀውን ሕዝብ ስንጨምርበት፣ አንድ የራስ ቅል አቅርቦ ለጁባ ሰው «ሟች ነህ» ማለት ጎርፍ ለሚወስደው ሰው ስለ ጎርፍ ማስተማር ነው።

በዚህች ከተማ ታላቁን መቃብር ሁሉም ያውቀዋል። የደቡቡን ትግል የመራው ጆን ጋራንግ በጁላይ 2005 ሄሊኮፕተሩ ተከስክሶ ከሞተ በኋላ የተቀበረው እዚህ ነው፤ ነጻነቱም በጁላይ 9 ቀን 2011 የታወጀው በዚያው በመቃብሩ ስፍራ ነው። አገሪቱ የተወለደችው መቃብር ላይ ቆማ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም። ሃይ ማላካል በተባለው ሰፈር ባለው አሮጌ የመቃብር ስፍራ ደግሞ የተፈናቀሉ ሰዎች በመቃብሮቹ መካከል ጎጆ ቀልሰው ኖረዋል። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሞት ጎረቤት ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

መንገድ ዳር በቆርቆሮ ዳስ ሥር የሚሠራ አንድ አናጢ ጋ አዘወትራለሁ። አልጋ ይሠራል፣ በር ይሠራል፣ ሬሳ ሣጥንም ይሠራል። ትእዛዝ ሲመጣለት ከጣውላዎቹ ሰፊውን መርጦ በእርሳስ ይጽፍበታል፤ መጀመሪያ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር፣ ከሥሩ የሟቹን ስም። ሁለት ትእዛዝ በአንድ ቀን ከመጣ እንዳይምታታበት ነው። ከዚያ ይቆርጣል፣ በመላጊያ ያስተካክላል፣ ይገጥማል፣ መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ስሙ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ይረግፋል። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ሣጥኑ የማንም ሊሆን የሚችል ሣጥን ነው። አንድ ቀን የሕጻን ልክ ሣጥን እየፈገፈገ ሳለ፣ ስሙን ቢተወው ምን ይጎዳዋል ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ሀበሻ፣ ስሙንማ ቤተሰቡ ያውቀዋል» አለኝ።

ልክ ነው፤ ቤተሰብ እስካለ ድረስ። መንደሩ ከነሰዉ የጠፋበት፣ እናቱ ዩጋንዳ መጠለያ ጣቢያ የሞተችበት፣ ወንድሙ ካርቱም ይሁን ጋምቤላ የማይታወቅበት ሰው ስም ግን ማን ዘንድ ነው የሚቀመጠው?

ይህን ጥያቄ እዚሁ አገር በእንጨት የመለሱ ሰዎች ነበሩ። ከጁባ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በቶንጅና በዋው ዙሪያ ያለው ደን የቦንጎ ሕዝብ አገር ነው። የሪጋው ተወላጅ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ጆርጅ ሽቫይንፉርት ከ1868 እስከ 1871 ባደረገው ጉዞ አብሯቸው ብዙ ጊዜ ኖሯል። ቀብራቸውን በዝርዝር ጽፏል። ሟቹ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ታጥፎ ይታሰራል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ጎን በተማሰ ጓዳ ይቀመጣል። ወንድ ከሆነ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ሴት ከሆነች ወደ ደቡብ። ከላይ ድንጋይ ይከመርና በዙሪያው ችካል ይተከላል፤ በክምሩ አናት ላይ ሟቹ ውኃ ይጠጣበት የነበረው እንስራ ይደረጋል። ከመቃብሩ ጎን ባላ እንጨቶች ይቆማሉ፤ ጫፋቸው እንደ ቀንድ ሾሏል፣ ገላቸው ከላይ እስከ ታች በክታብ፣ ማለትም በስለት ጭረት፣ ተቀርጿል። በአንድ መንደር ደግሞ ያንጋ የተባለ አለቃ መቃብር ዘንድ በሰው ቁመት ልክ የተጠረቡ ምስሎች አይቷል፤ አለቃው ከፊት፣ ሚስቶቹና ልጆቹ ከኋላ፣ ከመቃብሩ ወጥተው በሰልፍ የሚሄዱ ሆነው።

ከእሱ በኋላ የመጡ የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎች የክታቡን ነገር አብራርተዋል። ቦንጎዎች አዳኞች ነበሩ። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ዘመዶቹ ድግስ ደግሰው እንጨቱን ያቆሙለታል፤ እዚያ ላይ የሚቀረጸው እያንዳንዱ ክታብ አንድ ጎሽ፣ አንድ ዝሆን፣ አንድ አንበሳ ነው፤ ሟቹ የገደለው። የክብሩ ልክ ይህ ነው፤ በጨመረው ክታብ ይጨምራል፣ በጎደለው ይጎድላል። ስለዚህ እንጨቱ ፊት ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያነበው ስለ ራሱ ሞት አይደለም። እዚህ የተኛው ይህን አድርጓል፣ ያንን አድርጓል፣ ከዚህ በላይ አላደረገም ይለዋል። የባዝሉ አጽም ለማንም ሰው የሚሆን አጽም ነው። የቦንጎው እንጨት ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሆነው፤ ለጎረቤቱ እንኳ ቢያቆሙት ውሸት ይሆናል።

ሽቫይንፉርት ቦንጎዎችን ባገኛቸው ጊዜ ከካርቱም የዘለቁት የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች በየቦታው ምሽግ ሠርተው ሕዝቡን እየፈጁት ነበር። እሱም ይህንን ሳይሸፋፍን ጽፏል። በዲሴምበር 1870 እሱ ያረፈበት የነጋዴ ምሽግ ተቃጥሎ የጻፈውና የሰበሰበው አብዛኛው ነገር አመድ ሆነ። ያን እሳት ሳስብ የሚቆጨኝ ከወረቀቱ ይልቅ የሰዎቹ ነገር ነው። ባሪያ ተብሎ በሰንሰለት ወደ ሰሜን የተነዳው ቦንጎ ክታቡን ማን ቀረጸለት? ዘመዶቹ በሌሉበት የሞተ ሰው ድግስ የለውም፤ ድግስ የሌለው እንጨት የለውም።

የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ኮንሶ ዘንድ ዋካ አለ። ጀግና ሲሞት ከጠንካራ እንጨት ምስሉ ይቀረጻል፤ በግንባሩ ላይ የማዕረጉ ምልክት ካላቻ ይደረግለታል። ሚስቶቹ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ የገደላቸው ሰዎችና የጣላቸው አውሬዎችም ከጎናቸው ይደረደራሉ። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ከእርከኖቹና ከድንጋይ ካቦቹ ጋር ዋካዎቹም ታስበው ነው። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው የደረደረው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት ወዲያ። እንዲህ ያለው አደራደር ትልቅ ማስተዋል ያለበት ነው። ከማኅፀን ጀምሮ የሚሄድ ጎብኚ መጨረሻው መቃብር ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የሚያገኘው ባዶ አጽም ሳይሆን ፊት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ደገኛው ቅርጽ አያቆምም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሐውልት መሳይ ምስል ስለማትቀበል የጠራቢዎቻችን እጅ በመስቀልና በመቋሚያ ላይ ቀርቷል። ክታቡ ግን ነበረን፤ በአፍ ነበር የሚቀረጸው። ለቅሶ ሜዳ ላይ የሟቹ ጠመንጃ፣ ጋሻው፣ ካባው ይወጣል፤ ፈረሱ ተሸልሞ ይጎተታል፤ አልቃሿ በሙሾዋ የት ዘመተ፣ ማንን አበላ፣ ማንን አስታረቀ እያለች ታወርዳለች። ለቀስተኛው ደረቱን የሚመታው በዚያ ዝርዝር ነው። ባልተዘረዘረ ሰው ላይ አይለቀስም። በሰው አገር የሞተ እንደሆነ እንኳ አስከሬኑ ባይመጣ ልብሱ ይዘረጋና ይለቀስበታል። ጁባ ውስጥ በሐዘን ድንኳን የተቀመጥኩባቸውን ሌሊቶች ሳስብ፣ ሰዎች በሹክሹክታ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር፤ ሟቹ ለማን ብር አበደረ፣ በ2016ቱ ተኩስ ስንት ሰው ሱቁ ውስጥ ደብቆ አዳነ፣ እያሉ ክታቡን አንድ በአንድ ማውጣት።

እዚህ ላይ ግን ልለፈው የማልችለው ነገር አለ። በዋካው ተራ ውስጥ የቆመው ሌላው ሰው ማነው? ጀግናው የገደለው ሰው። እሱም በእንጨት ተቀርጿል፤ ግን የተቀረጸው የጀግናው ክብር ማስረጃ እንዲሆን ነው። ስሙ አይነሳም፣ ያደረገው አይወራም። እናቱ ልጇን ልታይ ብትመጣ የምታገኘው በገዳዩ መቃብር ላይ ነው። የእኛም ፉከራና ሙሾ ከዚህ የጸዳ አይደለም፤ «ገዳይ» የክብር ስም ሆኖ የኖረበት አገር ነው አገራችን። የሟችን ማንነት የሚመዘግብ እንጨት የገደላቸውን ሲቆጥር መታሰቢያነቱ ቀርቶ የደም ሒሳብ ይሆናል። ደቡብ ሱዳን ደግሞ የደም ሒሳብ ምን እንደሚያደርግ አይታለች፤ በዲሴምበር 2013 በዚህችው ጁባ ሰው በብሔሩ እየተለየ ከቤቱ እየተጎተተ ተገድሏል፤ ብቀላውም ወዲያው ሌሎች ከተሞች ደርሷል። አንዱ ወገን የራሱን ሟች ሲያስብ የሌላውን ወገን ዕዳ አብሮ ያስባል።

በዚህ ጊዜ ነው ወደ ሆልባይን አጽም መለስ የምለው። የራስ ቅል ዘር የለውም። ቋንቋው አይታወቅም፣ ግንባሩ ላይ የነበረው የዲንካ ወይም የኑዌር ጠባሳ ከቆዳው ጋር ሄዷል። ሁሉንም እኩል የሚያደርገው ይህ ስም የለሽነት ለተጣሉ ሰዎች መድኃኒት ይሆን? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አይመስለኝም። ነጋዴው፣ ገበሬውና ንጉሡ በሥዕሉ ውስጥ እኩል የሆኑት ሁሉም የየራሳቸውን ልብስና ኑሮ ይዘው ከመጡ በኋላ ነው፤ እኩልነቱ የሚያስደነግጠንም ማንነታቸውን ስለምናውቅ ነው። በጅምላ ጉድጓድ የተጣለ ሰው ግን ስሙን የወሰዱበት ገዳዮቹ ናቸው። ለእሱ «ሁላችንም አጽም ነን» ማለት የገዳዮቹን ሥራ መጨረስ ነው። አልጋው ላይ፣ በቤተሰቡ መካከል፣ ስሙ እየተጠራ ለሚሞት ሰው የራስ ቅሉ ጥሩ አስተማሪ ይሆናል። ይህን ያላገኘ ሰው አስቀድሞ ስሙ ይመለስለት።

የአገሬው ሰዎች ራሳቸው ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ መንገድ ጀምረዋል። ከ2013ቱ ጦርነት ወዲህ በጎ ፈቃደኞች ከ1955 ጀምሮ በጦርነትና በግጭት የሞቱትን ሰዎች ስም መሰብሰብ ይዘዋል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበት ቦታና ቀን። በአደባባይ ተሰብስበው ያነቧቸዋልም። ዝርዝሩ ማን ስንት ገደለ አይልም። የየወገኑ ሟች በአንድ ወረቀት ላይ ተከታትሎ ይጠራል። የቦንጎውን እንጨት ያህል ቁርጥ ያለ ነው፤ አንዱን ስም ከሌላው ጋር ማለዋወጥ አይቻልም፤ ግን ክታቡ የተገላበጠ ነው፤ የሚቆጠረው የገደለው ሳይሆን የተገደለው ነው። ከ382,900 ጋር ሲተያይ የተሰበሰበው ስም ጥቂት ነው። ቢሆንም እያንዳንዱ ስም ከስሌቱ ውስጥ ወጥቶ ሰው ሆኗል።

ወረቀት ደግሞ በዚህ አገር ጠላቱ ብዙ ነው። የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ሰነዶች ለዓመታት የተቀመጡት እዚሁ ጁባ በድንኳን ውስጥ ነበር፤ ዝናብና ምስጥ እየተሻሙበት። ምስጡ ከእንጨትም አይመለስም። የቦንጎው ባላ፣ የኮንሶው ዋካ ሜዳ ላይ ተተክሎ ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ምስጥ ከሥሩ ይጀምረዋል፤ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ይወድቃል። በወደቀ ጊዜ ሟቹን በዓይኑ ያየ ሰውም የለም። የእንጨቱ ዕድሜና የትዝታው ዕድሜ ተመጣጣኝ ነበር፤ የልጅ ልጆች የራሳቸውን ሟቾች እንጨት ሲያቆሙ የአያት እንጨት አፈር ይሆን ነበር። ስለ ሞት የተቀረጹት የአውሮፓ እንጨቶች ግን አይሞቱም። እርጥበቱ በተለካ ክፍል፣ በመስታወት ውስጥ፣ ሰባኪው ብቻ ከስብከቱ ነጻ ሆኖ ይኖራል። የቪየናዋ ወጣት አምስት መቶ ዓመት ሙሉ አላረጀችም።

የቦንጎው እንጨትም ወደ መስታወት የገባበት ጊዜ መጣ። በፌብሩዋሪ 1972 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት አቆመ። አስታራቂው አፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ በደቡብ ሱዳን ሽማግሌዎች ዘንድ እስካሁን በምስጋና ይነሳሉ። ሰላሙ ግን መንገዱንም ከፈተ። በዚያው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቦንጎ የመቃብር ምስሎች በአውሮፓና በአሜሪካ የጥበብ ገበያ ታዩ፤ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ1973 አንድ የወንድ ምስል ገዛ። እዚያ ሲቆም የማን መቃብር ላይ እንደነበረ የሚነግር የለም። ስም ሊጠብቅ የተቀረጸው እንጨት ባለቤቱን ተነጥቆ «የቦንጎ ሕዝብ ሥራ» ሆነ። ከኮንሶም በርካታ ዋካዎች እየተነቀሉ ለቱሪስትና ለነጋዴ ተሸጠዋል፤ የተወሰኑት ተይዘው ዛሬ ካራት በሚገኘው ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ከጀግኖቹ ልጆች መኖሪያ ብዙም ሳይርቁ።

ያ ስምምነት ከተፈረመ በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ በእስር ላይ ሞቱ። መቃብራቸው ተደበቀ። አጽማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የተገኘው በ1992 ነው፤ በሥርዓት ወደ ሥላሴ ካቴድራል የገቡት በኖቬምበር 2000። ስማቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ሰው ለ25 ዓመት ያህል ያንድ የቦንጎ አዳኝ ያህል እንኳ ምልክት አልነበራቸውም። የስድስት ኪሎው ሙዚየም ያለበት ሕንፃ የእሳቸው ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል መሆኑን ሳስብ፣ መኝታ ቤታቸው ሳይነካ እንደተቀመጠ፣ በዚያው ጣሪያ ሥር የሌሎች ሰዎች የመቃብር እንጨት በክብር ሲጎበኝ፣ እሳቸው ግን ለዓመታት የት እንደወደቁ አለመታወቁ ሁልጊዜ ያመኛል። ስለሠሩት በጎም ስለሠሩት ክፉም ለመነጋገር አስቀድሞ መቃብር ያስፈልግ ነበር።

እነዚያ ወደ ውጭ የሄዱ የቦንጎ ምስሎች አንድ ቀን ይመለሱ ቢባል ወዴት ነው የሚመለሱት? ጁባ ለእንዲህ ያለ ቅርስ የተሠራ ብሔራዊ ሙዚየም የላትም። ብትሠራና በመስታወት ቢቀመጡ፣ ኒው ዮርክ ካሉበት ሁኔታ የሚለያቸው የጎብኚው ቅርበት ነው፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ አያቱ ቦንጎ የሆነ ተማሪ ገብቶ ሊያያቸው ይችላል። ግን ቶንጅ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች «ይህ የእገሌ አባት ነው፣ ቦታው ይህ ነው» ብለው የሚለዩት እንጨት አሁንም ካለ፣ እኔ ብጠየቅ ወደ ቦታው ተመልሶ እንዲተከል እመርጣለሁ፤ ምስጥ እንደሚበላው እያወቅሁ። የሙዚየም ሰዎች ይህን ሲሰሙ እብደት እንደሚሉት አውቃለሁ። የሚያውቀው ሰው የሌለው እንጨት ጁባ ይቀመጥ፤ ባለቤት ያለው ግን የባለቤቱ ነው። ይህን ለመለየት ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፤ ከ1972 በፊት እነዚያን መቃብሮች ያዩ ሰዎች ዛሬ በሰባና በሰማንያ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከመንደራቸው ተፈናቅለዋል። የየምስሉን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ እነሱ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል፤ ስም ሰብሳቢዎቹ የሟቾችን ዝርዝር ይዘው በሚዞሩበት በዚያው ጉዞ ሊጠየቅ ይችላል።